ስልካችን መቼ ነው የሚያረጀው?

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስለ ሞባይል ቴክኖሎጂ ንግግር አለ ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር ወጣ የሚለውን ነው። የሚታጠፍ ስክሪን፣ ሩቁን የሚያቀርብ ካሜራ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ። አንዳንዶቹን እናነሳለን። እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ስንት ዓመት ያገለግላችኋል? ዕድሜውን የሚወስነውስ ማነው?

አንድ ነገር ላስቀድም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የስማርት ስልክ ሽያጭ ለዓመታት ሽቅብ ብቻ ሲጓዝ ቆየ። በ2016 አካባቢ ግን ጣሪያውን ነካ። አይዲሲ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት በዚያ ዓመት ወደ 1.47 ቢሊዮን ስልኮች ለገበያ እንደቀረቡ መዝግቧል። በ2023 ቁጥሩ ወደ 1.17 ቢሊዮን ወረደ። በ2024 ቀና ቢልም የድሮው ከፍታ ላይ አልደረሰም። ሰው ስልክ ስለጠላ አይደለም። የያዘው ስልክ ገና ስለሚሠራለት ነው የማይቀይረው። አዲሱ ስልክ መወደዱም የራሱ ድርሻ አለው።

እስቲ ጥቂት ወደኋላ እንመለስ። በእጅ በሚያዝ ሞባይል የመጀመሪያውን ጥሪ ያደረገው ማርቲን ኩፐር የተባለ የሞቶሮላ ኢንጂነር ነው። ጊዜው ኤፕሪል 1973 ነበር። የደወለውም ተፎካካሪ በሆነው ቤል ላብስ ውስጥ ለሚሠራ ሌላ ኢንጂነር ነው። ከዚያ ስልኩ ገበያ እስኪወጣ ዐሥር ዓመት ፈጀ። በ1983 የወጣው ዳይናታክ ለግማሽ ሰዓት ያህል ካወሩበት በኋላ ለዐሥር ሰዓት ያህል ቻርጅ መደረግ ነበረበት። ይህን ልብ በሉልኝ። ባትሪ ገና ከመነሻው የሞባይል ስልክ ማነቆ ነበር። ዛሬም ነው።

በ2007 አይፎን መጣ። ካሜራው 2 ሜጋፒክስል ነበር፤ ሌላ ሰው የሠራውን አፕ መጫን አይቻልም ነበር። አፕ ስቶር የተከፈተው በቀጣዩ ዓመት፣ በ2008 ነው። ሲከፈት የነበሩት አፖች ወደ 500 ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክም በዚያው ዓመት ወጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ስድስት ሰባት ዓመታት ስልክ መቀየር እውነተኛ ለውጥ ያመጣ ነበር። ስክሪኑ በዓይን በሚታይ መጠን እየጠራ ሄደ። የፊት ካሜራ መጣና እየተያዩ ማውራት ተቻለ። ኔትወርኩ ከ3ጂ ወደ 4ጂ ሲያድግ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ መታየት ጀመረ። የሁለት ዓመት ስልክ በእርግጥም አሮጌ ስልክ ነበር።

ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ በሁለት ዓመት የሚበላለጡ ሁለት ስልኮችን ጎን ለጎን አስቀምጡና ለአንድ ተራ ተጠቃሚ ስጡት። መልእክት ይላላክበታል፣ ገንዘብ ያስተላልፍበታል፣ ካርታ ያይበታል፣ ልጆቹን ፎቶ ያነሳበታል። የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል። ይህ መጥፎ ዜና አይደለም። ቴክኖሎጂው በሰለ ማለት ነው። የበሰለ ዕቃ ደግሞ ብዙ ዓመት ማገልገል አለበት።

ታዲያ ለምን አያገለግልም?

በአብዛኛው መልሱ ባትሪ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰው ስለ ባትሪ በደንብ ቢያውቅ ስልኩን ዓመትና ሁለት ዓመት ጨምሮ መጠቀም ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ የምንይዘው ስልክ የሚሠራው በሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። ይህን ባትሪ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ሶኒ ሲሆን ጊዜውም 1991 ነው። ለሥራው መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃም እና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ጉድኢናፍ ሲሸለሙ 97 ዓመታቸው ነበር። ለእኚህ ሰዎች ትልቅ ክብር አለኝ። የእነሱ ሥራ ባይኖር ዛሬ የምናወራለት ስልክ አይኖርም ነበር።

ባትሪው የሚያረጀው እንዲህ ነው። ቻርጅ ስናደርግ የሊቲየም አዮኖች ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ ስንጠቀም ይመለሳሉ። በዚህ ምልልስ ጥቂት ጥቂቱ ሊቲየም በየጊዜው በባትሪው ውስጥ ተይዞ ይቀራል። የቀረው ዳግም አያገለግልም። ስለዚህ ባትሪው 100 በመቶ ሞላሁ ሲል እንኳ፣ ያ መቶ ከድሮው መቶ ያነሰ ነው። ዕድሜው የሚለካው በሳይክል ነው። አንድ ሳይክል ማለት አንድ ጊዜ ቻርጀር ላይ መሰካት አይደለም። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ብትጠቀሙ ሁለቱ ተደምረው አንድ ሳይክል ይሆናሉ። ለረጅም ጊዜ የተለመደው ልክ ባትሪው ከ500 ሳይክል በኋላ 80 በመቶ አቅሙን ይዞ መቆየቱ ነበር። አፕል ከአይፎን 15 ጀምሮ ይህን ወደ 1000 ሳይክል ከፍ አድርጎታል። በቀን አንድ ሳይክል ለሚጨርስ ሰው 500 ማለት ዓመት ከምናምን ነው። ስልካችሁ በሁለተኛው ዓመት ላይ ቻርጅ አልቆይ ያላችሁ ለዚህ ነው።

ባትሪን ከምንም በላይ የሚጎዳው ሙቀት ነው። ስልክን ፀሐይ ላይ፣ በተለይ መኪና ውስጥ መስታወት ሥር ጥሎ መሄድ ዕድሜውን ይበላዋል። ትራስ ሥር አድርጎ ቻርጅ ማድረግም እንዲሁ፤ ይኼኛው ለእናንተም አደጋ አለው። ቻርጅ ላይ ሰክቶ ከባድ ጌም መጫወትም አይመከርም። ሌላው፣ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሲሞላና ሙጥጥ ብሎ ሲያልቅ ይጨነቃል። ስለዚህ ብዙ አዳዲስ ስልኮች ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ምርጫ አላቸው። ቀኑን ሙሉ ለቻርጀር ቅርብ የሆነ ሰው ያንን ቢያበራው ይጠቀማል። ቶሎ ቶሎ ቻርጅ የማግኘት ዕድል የሌለው ሰው ግን እስከ መቶ ይሙላው፤ ስልኩ የተገዛው ሊያገለግል ነው። "ባትሪው እስኪሞት ጠብቀህ ነው ቻርጅ የምታደርገው" የሚለው ምክር ደግሞ ከድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች የተረፈ ነው። ለዛሬው ባትሪ አይሠራም። እንዲያውም ይጎዳዋል።

አሁን ወደ 2017 እንሂድ። በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይፋ ሆነ። አፕል ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን በሶፍትዌር ፍጥነታቸውን ሲቀንስ ነበር። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት የደከመ ባትሪ ድንገት ኃይል ሲጠየቅ መስጠት ስለሚያቅተው ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ነው የሚል ነበር። በቴክኒክ ደረጃ ምክንያቱ ትክክል ነው። የደከመ ባትሪ በእርግጥ እንዲህ ያደርጋል። ጥፋቱ ለተጠቃሚው አለመነገሩ ነው። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፣ የባትሪ መቀየሪያ ክፍያውን በአሜሪካ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ፣ የባትሪን ጤንነት የሚያሳይ ገጽም በስልኩ ላይ ጨመረ። በ2020 ደግሞ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር በመክፈል ክሱን በስምምነት ለመጨረስ ተስማማ።

እኔን የሚከነክነኝ የገንዘቡ መጠን አይደለም። ስንት ሰው ነው ስልኬ አርጅቷል ብሎ አዲስ የገዛው? ያረጀው ስልኩ አልነበረም። ባትሪው ነበር። ባትሪውን ቢቀይር ስልኩ ወደ ድሮ ፍጥነቱ ይመለስ ነበር። ይህን ግን ማንም አልነገረውም።

ድሮ ባትሪ መቀየር ቀላል ነገር ነበር። የጀርባ ክዳኑን በጥፍራችሁ ከፍታችሁ አውጥታችሁ ሌላ ታስገባላችሁ። ዛሬ ስልኩ በሙጫ ተጣብቆ ይመጣል፤ ለመክፈት ማሞቅና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ውኃ እንዳይገባ ነው ይባላል። እውነትነት አለው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። በ2014 የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ5 ክዳኑ በእጅ የሚከፈት፣ ባትሪው የሚወጣ ስልክ ነበር። ከአንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት መቆየትም ይችል ነበር። ስልክን ቀጭንና ወጥ ማድረግ የዲዛይን ምርጫ ነው። ምርጫ ደግሞ ሊቀየር ይችላል።

መቀየርም ጀምሯል። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በገበያው ላይ ለሚቀርቡ ስልኮች አዲስ ደንብ አውጥቷል። ባትሪው ከ800 ሳይክል በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን መያዝ አለበት። አምራቹ ስልኩን መሸጥ ካቆመ በኋላ መለዋወጫውን ለ7 ዓመት ማቅረብ አለበት። ባትሪውን ተጠቃሚው ራሱ መቀየር እንዲችልም ይጠይቃል። እዚህ ላይ ግን መውጫ ቀዳዳ አለ። ባትሪው ከ1000 ሳይክል በኋላ 80 በመቶ የሚይዝ ከሆነና ስልኩ ውኃና አቧራ የማያስገባ ከሆነ አምራቹ ከዚህ ግዴታ ነፃ ይሆናል። ውድ ስልኮች በዚህ በኩል ያመልጣሉ የሚል ግምት አለኝ። ቢሆንም ደንቡ ትልቅ እርምጃ ነው። ስልኮች የሚመረቱት ለዓለም ገበያ ስለሆነ ለአውሮፓ የተሻሻለው ስልክ ሌላ ቦታ ያለውም ሰው እጅ ይገባል። የዩኤስቢ ሲ ነገር እንዲህ ነበር የሆነው። ኅብረቱ አንድ ዓይነት የቻርጅ ቀዳዳ እንዲኖር ሕግ አወጣ፤ አይፎንም በ2023 ወደ ዩኤስቢ ሲ የዞረው ለአውሮፓ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነው።

ባትሪው ደህና ቢሆንስ? ያኔ ስልኩን የሚገድለው ሶፍትዌሩ ነው። ይኼኛው ሞት አይታይም። ስልኩ ይበራል፣ ይደውላል፣ ስክሪኑ አልተሰነጠቀም። ግን አምራቹ አፕዴት መላክ አቁሟል።

ብዙ ሰው አፕዴት ሲባል የሚታየው የአይኮኖቹ ቅርጽ መቀየር ነው። ለዚህ ነው "አሁን አልፈልግም" እያለ የሚያልፈው። ዋናው ነገር ግን የደኅንነት ቀዳዳ መድፈኑ ነው። በ2015 ስቴጅፍራይት የተባለ የአንድሮይድ ችግር ተገኘ። አንድ ሰው የስልክ ቁጥራችሁን ካወቀ፣ በተንኮል የተሠራ የቪዲዮ መልእክት በመላክ ብቻ ስልካችሁ ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። እናንተ መልእክቱን መክፈት እንኳ አይጠበቅባችሁም። አንድሮይድን የሚሠራው ጎግል በየወሩ የደኅንነት ማስተካከያ ማውጣት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ችግሩ፣ ማስተካከያው ከጎግል ወጥቶ እናንተ ጋ እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው። ቺፑን የሠራው ኩባንያ አለ፣ ስልኩን የሠራው ኩባንያ አለ፣ አንዳንድ ቦታ የኔትወርክ ኩባንያውም ይገባበታል። ከእነዚህ አንዱ ይህ ስልክ አሮጌ ነው፣ በቃኝ ካለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ዛሬ ስልክ የባንክ ሒሳባችን መግቢያ ነው። የሚስጥር ቁጥር የሚላክልን በእሱ ነው። ፓስዎርድ ስንረሳ ማንነታችንን የምናረጋግጠው በእሱ ነው። እንዲህ ዓይነት ዕቃ አፕዴት ሳያገኝ ዓመታት ሲቆይ ዝም ብሎ ማየት ተገቢ አይደለም።

ደግነቱ በዚህ በኩል ትልቅ መሻሻል አለ። ጎግል በኦክቶበር 2023 ፒክስል 8 የተባለውን ስልኩን ሲያወጣ የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገባ። ሳምሰንግ በጃንዋሪ 2024 ለጋላክሲ ኤስ24 ተመሳሳይ ቃል ሰጠ። ከሁሉም ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን በ2024 መጨረሻ የወጣው ጋላክሲ ኤ16 ነው። ከሳምሰንግ ርካሽ ስልኮች አንዱ ነው፤ የተገባለት ቃልም 6 ዓመት ነው። ረጅም ዕድሜ ውድ ስልክ መግዛት ለሚችል ሰው ብቻ መሆኑ እየቀረ ነው ማለት ነው። እኔ በዚህ ዘርፍ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ለውጦች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ከየትኛውም ካሜራ፣ ከየትኛውም ስክሪን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳያመልጣችሁ። እነዚህ ዓመታት የሚቆጠሩት ስልኩ ገበያ ላይ ከዋለበት ቀን እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት የወጣን ስልክ ዛሬ በቅናሽ ብትገዙ፣ አዲስ በካርቶን ቢሆንም ሦስቱ ዓመት አልፏል። ቅናሹ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን ሒሳቡን አውቃችሁ ግቡበት።

አፖችም የራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው። ዋትስአፕ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ከአንድሮይድ 5.0 በታች ባሉ ስልኮች ላይ መሥራት አቁሟል። ከአንድ ኩባንያ አንጻር ምክንያታዊ ውሳኔ ነው። ከዘመድ ጋር የሚገናኘው በዚያ አፕ ብቻ ለሆነ ሰው ግን በዚያ ቀን ስልኩ ሞተ።

ኔትወርክም እንዲሁ ይገድላል። በ2022 በአሜሪካ ትልልቆቹ የኔትወርክ ኩባንያዎች 3ጂን ዘጉ። ምንም ያልሆኑ ስልኮች በአንድ ጊዜ መደወል የማይችሉ ሆኑ። የሚገርመው ከእነሱ መካከል 4ጂ ያላቸውም ነበሩበት። ኢንተርኔት በ4ጂ ይጠቀማሉ፣ የድምፅ ጥሪውን ግን በ3ጂ ነበር የሚያስተላልፉት። በ4ጂ ላይ ድምፅ የሚያስተላልፈው ቪኦኤልቲኢ የሚባለው አሠራር አልነበራቸውም። ሌሎች አገሮችም በዚሁ መንገድ እየሄዱ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ስልክ ስትገዙ 4ጂ አለው ወይ ብቻ ሳይሆን በ4ጂ መደወል ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ካሜራ ጥቂት ልበል፤ ማስታወቂያው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ስለሆነ። 200 ሜጋፒክስል የሚል ስልክ አይታችኋል። ያ ስልክ በተለመደው አሠራሩ 16 ነጥቦችን እያዋሃደ አንድ ያደርጋቸዋል። የምታገኙት ፎቶ 12 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። ማጭበርበር አይደለም፤ ማዋሃዱ በተለይ በጨለማ ጥራት ይጨምራል። ግን ቁጥሩን አይታችሁ አትግዙ። ባለፉት ዓመታት የስልክ ፎቶን በእውነት የለወጠው ሶፍትዌር ነው። አንድ ጊዜ ስትጫኑ ስልኩ ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ ከየአንዳንዱ ጥሩ ጥሩውን አንድ ላይ ያዋህዳል። ጎግል በ2018 ናይት ሳይት የተባለውን የጨለማ ፎቶ ማንሻ ሲያወጣ ሰው በዓይኑ በደንብ የማያየውን ጨለማ ስልክ ማንሳት ጀመረ። አዲስ ሌንስ አልተጨመረም። ከዓመት በፊት በወጣው ፒክስል 2 ላይም በአፕዴት ሠርቷል። አዲስ ነገር ለማግኘት ሁልጊዜ አዲስ ስልክ አያስፈልግም።

ፎቶ ሲበዛ ግን ስቶሬጅ ይሞላል። "ስልኬ ሞላ፣ ሃንግ ያደርጋል" የሚለው ቅሬታ ከባትሪ ቀጥሎ ሰውን ስልክ የሚያስቀይር ነው። ቀድሞ የሜሞሪ ካርድ ጨምሮ መገላገል ይቻል ነበር። አሁን ብዙዎቹ ውድ ስልኮች የካርድ ቦታ የላቸውም። ጎግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጥን ከጁን 2021 ጀምሮ አቁሟል። በነፃ ያገኘነው ወይም አንዴ ከፍለን የጨረስነው ነገር በየወሩ ወደሚከፈል ተለወጠ። ስለዚህ ስልክ ስትገዙ ገንዘባችሁ የሚበቃ ከሆነ ለካሜራው ከመጨመር ለስቶሬጁ ጨምሩ። ካሜራው ዛሬ ይበቃችኋል። ስቶሬጁ ከሦስት ዓመት በኋላ አይበቃችሁም።

አሁን ደግሞ ሁሉም ስለሚያወራለት ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ፣ በአጭሩ ኤአይ። ሁለት ዓይነት መሆኑን እወቁ። አንዱ ጥያቄያችሁን በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ኮምፒውተር ልኮ መልስ የሚያመጣ ነው። ይህ በአሮጌ ስልክም ይሠራል። ሌላው ስልኩ ላይ ራሱ የሚሠራ ነው። መረጃችሁ ከስልካችሁ ስለማይወጣ ለሚስጥር ጥሩ ነው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ግን ብዙ ሜሞሪ ይፈልጋል። አፕል በጁን 2024 አፕል ኢንተለጀንስን ሲያስተዋውቅ የሚሠራው በአይፎን 15 ፕሮ ላይና ከዚያ በኋላ በሚወጡት ነው አለ። ተራው አይፎን 15 ከወጣ ገና ዘጠኝ ወር አካባቢ ነበር፤ እሱ ግን አልተካተተም። ዓመት ባልሞላው ስልክ ላይ እንዲህ ሲሆን ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ይህ እንደገና በየዓመቱ ስልክ ወደ መቀየር ይመልሰናል የሚል ስጋት አለኝ። ስለዚህ ጥያቄያችሁ "ይህ ስልክ ኤአይ አለው ወይ" አይሁን። "እኔ ከቀን ወደ ቀን ከምሠራው የትኛውን ያቀልልኛል" ይሁን። ለብዙዎቻችን ለጊዜው መልሱ ጥቂት ነው። የኢሜይል ረቂቅ ይጽፋል፣ ከፎቶ ላይ ያልተፈለገ ሰው ያጠፋል። ለዚህ ስልክ አይቀየርም።

ለአንዳንድ ሰዎች ግን መልሱ ፍጹም ሌላ ነው። ስለ እነሱ ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። በ2009 አይፎን 3ጂኤስ ላይ ቮይስኦቨር ሲገባ፣ ማየት የተሳነው ሰው ለስላሳ መስታወት የሆነን ስልክ በጣቱ እየዳሰሰ፣ በድምፅ እየሰማ መጠቀም ቻለ። በ2019 የመጣው የጎግል ላይቭ ትራንስክራይብ ፊት ለፊት የሚነገረውን ንግግር ወደ ጽሑፍ እየቀየረ መስማት ለተሳነው ሰው ያሳያል። ቢ ማይ አይስ የሚባለው አፕ መጀመሪያ ማየት የተሳናቸውን ሰዎች በቪዲዮ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ያገናኝ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የተነሳውን ፎቶ ኤአይ ራሱ ይገልጽላቸዋል። የመድኃኒት ዕቃው ላይ የተጻፈውን ለማንበብ፣ የልብስን ቀለም ለማወቅ ሰው መጥራት አያስፈልግም። አዲስ ስልክ መግዛት ሕይወት ይቀይራል የሚለው አባባል ለእነዚህ ሰዎች ማስታወቂያ አይደለም። ቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰው ካለ፣ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሰቢሊቲ የሚለውን ክፈቱና አብራችሁት እዩ። አብዛኛው በነፃ ነው፤ ብዙው በቆየ ስልክም ይሠራል። የማያውቀው ግን ብዙ ነው።

ስለ ትኩረታችንም አንድ ነገር ልናገር። ከአፖች የሚመጣው ኖቲፊኬሽን በአይፎን ላይ የጀመረው በ2009 ነው። ሲጀመር ሰው ሲጽፍላችሁ ለማሳወቅ ነበር። አሁን ግን አፑ ራሱ ነው የሚጠራችሁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አፕልም ጎግልም በ2018 የአጠቃቀም ሰዓትን የሚቆጥር አሠራር በስልኮቻቸው ላይ አስገብተዋል። እኔ ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ የሚጠቅመው ሌላ ነው እላለሁ። ኖቲፊኬሽን ውስጥ ግቡና ከሰው ከሚመጣ መልእክትና ከባንክ በስተቀር ሁሉንም ዝጉ። ባትሪያችሁም ትንሽ ይቆጥባል።

ስልክ ሲጣል የት እንደሚሄድም እናስብ። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ባወጡት ሪፖርት በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጥቷል። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ስልክ ከዚህ ውስጥ በክብደት ትንሽ ድርሻ ነው ያለው። ግን ወርቅ፣ ኮባልትና መዳብ የያዘ ዕቃ ነው። አንድ ስልክ በዕድሜው በአካባቢ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚደርሰው ገና ሲመረት ነው፤ እኛ ቻርጅ በምናደርግበት መብራት አይደለም። ስለዚህ ስልክን አንድ ዓመት ጨምሮ መያዝ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል።

ለዚህ ጥገና ያስፈልጋል። ጥገናን የሚያከብደው ሙጫ ብቻ አይደለም። አንዳንድ አምራቾች ስክሪኑንና ባትሪውን ከስልኩ ጋር በሶፍትዌር ያስተሳስሩታል። ጠጋኙ ከሌላ ተመሳሳይ ስልክ የወጣ ኦርጅናል ዕቃ ቢገጥምም ስልኩ አላውቀውም ይላል፤ አንዳንድ ነገሮች መሥራት ያቆማሉ። በዚህ ምክንያት ከተሰበሩ ስልኮች የሚወጡ ደህና ዕቃዎች ይጣላሉ። በጣም የሚያናድድ ብክነት ነው። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት በ2024 ይህን የሚከለክል ሕግ አወጣች። አፕልም በዚያው ዓመት ያገለገሉ ኦርጅናል ዕቃዎች ከአይፎን 15 ጀምሮ እንዲገጠሙ እንደሚፈቅድ አስታወቀ። ፌርፎን የተባለው የኔዘርላንድስ ኩባንያ ደግሞ ባትሪው በእጅ የሚወጣ፣ ክፍሎቹ በተራ መፍቻ የሚፈቱ ስልክ እየሠራ ይሸጣል። ትንሽ ኩባንያ ነው። ግን የሚቻል መሆኑን በተግባር አሳይቷል።

ስልካችሁን ለሌላ ሰው ስትሰጡ ወይም ስትሸጡ ደግሞ አካውንታችሁን ከስልኩ ላይ አውጡ። ብዙ ሰው ፎቶውን ብቻ አጥፍቶ ይሰጣል። አካውንቱ ካልወጣ የሌባ መከላከያው እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ተቀባዩ ሊጠቀምበት አይችልም። ደህና ስልክ በዚህ ምክንያት ብቻ ተፈትቶ ዕቃው ይሸጣል። የምትገዙም ከሆናችሁ ሻጩ ፊታችሁ አካውንቱን ሳያወጣ ገንዘብ አትስጡ።

አሁን ስልካችሁን አውጡና ሴቲንግ ክፈቱ። መጀመሪያ ባትሪ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ጤንነቱን እዩ፤ አይፎንና አንዳንድ አዳዲስ አንድሮይዶች ያሳያሉ። ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ስልክ ሳይሆን ባትሪ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ቀጥላችሁ የመጨረሻው የደኅንነት አፕዴት የመጣበትን ቀን ፈልጉ። ዓመት ካለፈው፣ በዚያ ስልክ ላይ ያለውን የባንክ አፕ ጉዳይ ደግማችሁ አስቡበት። ከዚያ ስቶሬጁን እዩ። ያልገባችሁ ካለ ስልኩን ይዛችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት ለጥያቄ የተያዘ ነው።